የአቃቂ ብርሃንና የቤት ሠሪው ሒሳብ

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)

በአገራችን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባል የቆየ ምሳሌ አለ። አባቶቻችን ይህን ምሳሌ የሚናገሩት በሀብት አጠገብ ተወልዶ ሀብቱን ያጣውን ሰው ለመግለጽ ነው። እኔም ዛሬ የማነሣው በወንዝ አጠገብ መኖርና ውኃን በቤት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ በሁለቱም መካከል ሊለካና ዋጋ ሊከፈልበት የሚገባ ርቀት መኖሩን ለማስረዳት ነው። ለዚህም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከምትገኘው ከአቃቂ የተሻለ አስረጂ አላገኘሁም።

ከመካከላችን አቃቂን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ያለፈው በዚያ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ፋብሪካዎች ተተክለውባታል፤ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ መንገደኛም ሁሉ ያያታል። ዛሬ ደግሞ ከተማችን ወደ ደቡብ እየሰፋች ስትሄድ፣ ከደመወዙ ቆጥቦና ተበድሮ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ብዙ ሰው ፊቱን ወደዚያው መልሷል። ነገር ግን አቃቂ ብዙ ጊዜ የማናስታውሰው ሌላ ታሪክ አላት። ለዋናው ከተማ የመጀመሪያውን የወንዝ ብርሃን የሰጠች እርስዋ ናት፤ ከከርሠ ምድርዋም ውኃ ታጠጣዋለች፤ የከተማውም ፍሳሽ ወርዶ የሚጣራው እዚያው ጎረቤትዋ ቃሊቲ ነው።

ታዲያ መብራት ከፈለቀበት፣ ውኃ ከሚቀዳበትና ፍሳሽ ከሚወርድበት አገር ላይ ቤት የሠራ ሰው፣ ሦስቱንም አጥቶ ወራት የሚቀመጠው ስለ ምንድን ነው? እኔ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሳይሆን በራሴ ቤት የደረሰብኝ ነው። መልሱ ግን ከታሪክ ስለሚጀምር፣ እኛም ከዚያው እንጀምር።

የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተር ቤተ መንግሥቱን ለማብራት እንደ ዋለ ይነገራል። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ከሚያበራው ቤት አጠገብ ስለሚቆም፣ በብርሃኑ ምንጭና በአምፑሉ መካከል ያለው ርቀት እምብዛም አያሳስብም። ሁለተኛው እርምጃ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። የተሠራበትም ምክንያት በአዲስ አበባ ተቋቁመው ለነበሩት ትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል ለመስጠት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከፋብሪካዎቹና ከቤተ መንግሥቱ አልፎ፣ በቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ ወደሚገኙ የሕዝብ መሰብሰቢያዎችና ዋና ዋና መንገዶች ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውኃው የሚወርደው አቃቂ ነው፤ መብራቱ የሚበራው ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ነው። በወንዙ ዳር በመረሬው መሬት ላይ ጤፍ የሚዘራው ገበሬ ማታ ማታ ቤቱን የሚያበራው በኩራዝና በጭራሮ እሳት ነበር። ይህ የሆነው ሰው ስለ ጨከነበት አይደለም። ብርሃን ከምንጩ ወደ ቤት የሚመጣው በገመድ ነው፤ ገመድም የሚዘረጋው ዋጋውን የሚከፍል ባለቤት ሲኖር ነው። በዚያን ጊዜ ያንን ዋጋ ሊከፍል የቻለው የንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤት ብቻ ስለ ነበር፣ ገመዱም የሄደው ግምጃ ቤቱ ወዳዘዘው ነው።

ይህ ነገር የእኛ አገር ዕጣ ብቻ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ ከተማ በፐርል ጎዳና ላይ የመብራት ጣቢያውን ሲከፍት፣ ማመንጫዎቹ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ተተክለው ያለቁ ቢሆኑም፣ ገመዱን ግን የከተማውን መንገድ እየቆፈሩ ከመሬት በታች መቅበር ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ጠይቋል። ያም ሁሉ ሆኖ ያ ብርሃን ከአንድ ማይል ብዙም ርቆ መሄድ አልቻለም። ምክንያቱም በዝቅተኛ ቮልት የሚላክ ኃይል በገመዱ ውስጥ ብዙ ፍሰት ይፈልጋል፤ ፍሰቱ ሲበዛ ገመዱ ይሞቃል፤ ሙቀቱም በመንገድ የባከነ ገንዘብ ነው። ትራንስፎርመር የሚባለው መሣሪያ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ኃይልን በከፍተኛ ቮልት አቅጥኖ ሩቅ መላክ፣ ሲደርስም መልሶ ዝቅ ማድረግ ተቻለ።

ይህን ያነሣሁት ለሳይንስ ትምህርት ብዬ ሳይሆን ለኪሳችን ስለሚጠቅም ነው። ዛሬ በአቃቂ ሜዳ ላይ ረጃጅሙን የብረት ማማ ተከትሎ የሚያልፈው ወፍራም መስመር እጅግ ከፍተኛ ቮልት የተሸከመ ነው። ወደ ሠፈር ሲቃረብ ብዙውን ጊዜ ወደ 15 ሺህ ቮልት ይወርዳል፤ በመጨረሻም በሠፈሩ ትራንስፎርመር አማካይነት 220 ቮልት ሆኖ በትንንሾቹ ምሰሶዎች ላይ ይዘረጋል። ቤታችን ሊቀጠል የሚችለው ከዚህ ከመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታ ለመግዛት ወይም ቤት ለመሥራት ሄዶ «መብራቱ በአናቴ ላይ ያልፋል» ብሎ የሚደሰት ሰው፣ ከምድር ባቡር ሐዲድ አጠገብ ቆሞ ባቡሩ ከደጄ ይቆምልኛል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጨቱንና ማከፋፈሉን ሥራ ኮኒኤል የሚባል የኢጣሊያ ኩባንያ ያዘው። በ1930ዎቹ ዓመታትም ታላቁና ትንሹ አቃቂ በሚገናኙበት አካባቢ የአባ ሳሙኤል ግድብና ማመንጫ ተሠራ፤ ኃይሉም 6 ሺህ 600 ኪሎዋት ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ሥራውን የጠላት ንብረት አስተዳደር ተረከበው፤ በ1940 ዓ.ም. የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ በቻርተር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሆነ። ሕዝባችን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ብሎ የሚጠራው ይኸው ነው፤ ምንም እንኳ በ2006 ዓ.ም. ተከፍሎ ማመንጨቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ከደንበኛ ጋር መዋዋሉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢሰጥም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድገት የሚያኮራ ነው። ከኢጣሊያ በተከፈለ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሺህ 200 ኪሎዋት ይዞ ነበር፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5 ሺህ 150 ሜጋዋት ነው፤ ይኸውም ከአባ ሳሙኤል ከሰባት መቶ እጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ፣ ከመጨረሻው ምሰሶ እስከ ቤታችን ደጅ ያለው ርቀት በ1904 ዓ.ም. እንደ ነበረው ሁሉ ዛሬም ሜትር በሜትር የሚለካ ነው። የግድቡ መተለቅ እርሱን አንድ ክንድ አያሳጥረውም። የተለወጠው ከፋዩ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የመንግሥት ግምጃ ቤት ነበረ፤ ዛሬ ግን ዋናውን መስመር መንግሥት ሲዘረጋ፣ የመጨረሻውን ጥቂት ሜትር የሚከፍለው ቤት ሠሪው ነው።

በአሁኑ ሠፈሬ በፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቤቴን ማሠራት ስጀምር አልፎ አልፎ እየመጡ ከድንጋይ ክምሩ ላይ ተቀምጠው ያጫውቱኝ ነበር። አንድ ቀን፣ «አባባ፣ እርስዎ እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የመብራት ጎረቤት ነዎት» አልኋቸው። ፈገግ ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «አዬ ልጄ፤ ቀን ከመብራቱ ሥር ስሠራ እውላለሁ፣ ማታ ኩራዝ ለኩሼ እበላለሁ። ስንት ዓመት እንዲያ ኖርን። አንተም ገመዱ የሚያልፍበትን አትይ፤ የሚቆምበትን እይ።» እኔም ንግግራቸው ስላማረኝ ሳቅሁና ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ነገሩን መዝገቤ ላይ አላሰፈርሁትም። ያለማስፈሬም ምን እንዳስከፈለኝ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የውኃውም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወገን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት እንዲመጣ አድርጎ ነበር። ውኃ ከምንጩ ከፍታ በታች እስከ ሆነ ድረስ በቧንቧ ውስጥ ሸለቆ ወርዶ ኮረብታ ይወጣል፤ ይህን ያላየ ሰው መደነቁ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ከተማችን ከገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹም መጀመሪያ ከለገዳዲ ግድብ መጠጣት ጀመረች፤ በ1963 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የአቃቂ የከርሠ ምድር ውኃ ጉድጓዶች ትልቅ ድርሻ ያዙ።

እንግዲህ ገፈርሳና ለገዳዲ ከከተማው ከፍ ብለው ሲገኙ፣ አቃቂ ግን ዝቅ ያለች ናት፤ ከመሐል ከተማው ጋር ያላት የከፍታ ልዩነት ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የአቃቂ ውኃ ከጉድጓድ በፓምፕ ተስቦ ከፍ ወዳሉት ማጠራቀሚያ ጋኖች ይገፋል፤ ከጋን ወደ ቤቶች የሚከፋፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ከእግራችሁ በታች ያለው ውኃ ቤታችሁ ሊደርስ በመጀመሪያ ሽቅብ መሄድ አለበት ማለት ነው። ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለ ሆነም፣ መብራት ሲጠፋ ውኃ መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በብዙ ሠፈሮቻችን ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትንም ምክንያት ለማስተዋል ይህን ማወቅ ይረዳል።

ሦስተኛው ፍሳሽ ነው። ፍሳሽ እንደ ውኃ ሽቅብ አይገፋም፤ በራሱ ክብደት ቁልቁል እንዲወርድ ይደረጋል። ከተማችን ወደ ደቡብ የተዳፋች ስለ ሆነች የፍሳሽ ማጣሪያው በ1970ዎቹ ዓመታት በቃሊቲ ተሠራ፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማም በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ሊያጣራ እንዲችል ሆኖ ተስፋፋ። ሆኖም የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ሠፈር ብዙ ነው። እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ሲሞላም በመምጠጫ መኪና ማስነሣት አለበት። አቃቂም ማጣሪያው ጎረቤትዋ ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ ወጪ የማይድን ቤት ሞልቶባታል።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልንገራችሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በቤት ሠሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን በአቃቂ ቦታ ባገኘን ጊዜ፣ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ መዝገብ ገዛሁና በጀት አወጣሁ። መሠረት፣ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት፣ ኮርኒስ፣ ቀለም፤ ሁሉም በየረድፉ ተጻፈ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብዬ ጻፍሁ። መብራትን፣ ውኃንና ፍሳሽን የጨመርሁት ከዚህ ረድፍ ውስጥ ነው። በመሥሪያ ቤት በጀት የሠራችሁ ሁሉ «ልዩ ልዩ» የሚባለው ረድፍ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ያልታሰበበት ነገር ሁሉ የሚወረወርበት፣ ሌላው ረድፍ ሲጎድልበትም መጀመሪያ የሚነካ ነው።

እንደ ተጠበቀውም የሲሚንቶ ዋጋ ወጣ፤ የፌሮም ተከተለ፤ ልዩ ልዩ ወጪ ገና ጣራው ሳይመታ አለቀ። እኔ ግን ግድግዳው ሲቆም፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያብለጨልጭ እያየሁ በደስታ ሥራውን አስቀጠልሁ። ግድግዳው ተለስኖ፣ ወለሉ ንጣፍ ለብሶ ካለቀ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። ሰውየው ቤቱን ዞሮ ተመለከተና፣ «ጌታዬ፣ የመታጠቢያው ውኃ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። አዲሱን ወለል በመዶሻ አስፈረስን። የኤሌክትሪክ ባለሙያውም በተራው የተለሰነውን ግድግዳ በመሮ እየፈለፈለ ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ ቀበረ። ለአንድ ወለልና ለአንድ ልስን ሁለት ጊዜ ከፈልሁ።

ከቤቴ እስከ መጨረሻው ምሰሶ ያለውንም ርቀት የለካሁት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው እንዳሉኝ፣ ገመዱ በሠፈሩ ያልፋል እንጂ የሚቆመው ከእኔ ዘንድ አልነበረም። ለተጨማሪው ገመድና ምሰሶ የሚሆን ገንዘብ በእጄ አልነበረኝም፤ ማመልከቻውንም አስቀድሜ ስላላስገባሁ ተራዬ ወደ ኋላ ሆነ። በዚህ የማማው ማንንም መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ጥፋቱ የመዝገቤ ነው። በር የተገጠመለት፣ ቀለም የተቀባ ቤት ባዶውን ተቆልፎ ሰባት ወር ቆመ፤ እኔም በከተማ የቤት ኪራይ፣ በወሩ መጨረሻ የብድር ክፍያ እየከፈልሁ ሰባት ወር ቆየሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ማታ የአንገት ወርቋን በመሐረብ ቋጥራ ከፊቴ አስቀመጠችና፣ «ይኸው፣ መብራቱን አስገባበት» አለችኝ። እናትዋ በሠርጓ ቀን ያሰሩላት ወርቅ ነበር። የእኔ ቤት መብራት የበራው በዚያ ወርቅ ነው። ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ያ መሐረብ ነው።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ከዚህ በኋላ ቤት ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ መዝገባችሁን ከመሠረቱ ድንጋይ በፊት በሦስት ርቀቶች እንድትጀምሩ እመክራችኋለሁ። ሜትር ይዛችሁ ከቦታችሁ እስከ መጨረሻው የ220 ቮልት ምሰሶ፣ ከቦታችሁ እስከ ቅርቡ የውኃ መስመር፣ ከቦታችሁ እስከ ፍሳሽ መስመር ድረስ ለኩ። የፍሳሽ መስመር ከሌለ፣ የመምጠጫ መኪና ሊገባበት የሚችለው መንገድ እስከ የት እንደሚደርስ እዩ። ቦታ ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ በርካሽ የተገዛ ሩቅ ቦታ በገመድና በቧንቧ ዋጋ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ቀጥሎም እነዚህን ሦስቱን ከልዩ ልዩ ወጪ አውጥታችሁ ለየብቻቸው ርዕስ ስጧቸው፤ እያንዳንዱንም ከአጥር ውጭና ከአጥር ውስጥ ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት። ከአጥር ውጭ ያለው የውል፣ የቆጣሪ፣ የገመድ፣ የምሰሶ፣ የቁፋሮና የቧንቧ ወጪ ነው። ይህን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ ግምቱን በጽሑፍ ያዙ። ጎረቤት ካቻምና የከፈለውን ሰምቶ መጻፍ አይበጅም፤ ዋጋው ተለውጦ፣ ርቀቱም ሌላ ሆኖ ይገኛልና። ማመልከቻውንም ደንቡ በሚፈቅደው ጊዜ አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ግድግዳው ሲነሣ ወረቀቱም ይሂድ።

ከአጥር ውስጥ ያለውን ደግሞ ቤተ ሰባችሁ በሚኖርበት ልክ አስሉ። ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምጣድን ውሰዱ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ የሚሰካ ሰው በግድግዳው ውስጥ እሳት እንደሚያነድ ይወቅ። ለምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ለቤቱም ሁሉ የመሬት ሽቦ መቅበር ግድ ነው። ወጪ ለመቀነስ ብሎ የመሬት ሽቦን መተው በሕፃናት ሕይወት መቆጠብ ነው።

ለውኃውም እንዲሁ አስሉ። አምስት ሰው ያለበት ቤተ ሰብ እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 250 ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ስምንት ቀን ያቆያል። ፈረቃው በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚመጣበት ሠፈር ይህ ይበቃል። ነገር ግን ሁለት ሺህ ሊትር ውኃ ሁለት ሺህ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ የሮቶው ማቆሚያ በበጀታችሁ ውስጥ የራሱ ብረትና የራሱ መሠረት ይኑረው። ከፍ ብሎም ይቁም፤ ዐሥር ሜትር የውኃ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ ከባቢ አየር ያህል ነውና፣ በሦስት ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ከዚያ ሢሶውን እንኳ አይሞላም።

ስለ ፍሳሽ ስታስቡ የአቃቂን አፈር አትርሱ። መረሬ ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በመሰንጠቁም የተቀበረ ቧንቧ ይሰብራል። ቧንቧው በአሸዋ ወይም በጠጠር ላይ ተኝቶ፣ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፍቶ ይቀበር። መረሬ ውኃ ቶሎ ስለማይመጥም፣ ቀይ አፈር ባለበት ሠፈር የሠራ ዘመዳችሁ ጉድጓዱ ስንት ዓመት ሳይሞላ እንደ ቆየ ቢነግራችሁ በዚያ አትለኩ። የእናንተ ቶሎ ይሞላል፤ ስለዚህ ለመምጠጫ መኪናው መግቢያ ተዉለት፤ የማስነሻውንም ዋጋ በየዓመቱ ከቤት ወጪያችሁ ውስጥ አስገቡት።

የሥራውም ቅደም ተከተል ከገንዘቡ ያላነሰ ነገር ነው። የፍሳሽ ቧንቧ ከወለል በፊት፣ የሽቦ ቱቦ ከልስን በፊት ይግባ። ለስልክና ለኢንተርኔትም አንድ ባዶ ቱቦ አብራችሁ ቅበሩ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ በኋላ ግድግዳ መፈልፈልን ግን ያስቀራል። ገንዘባችሁ የማይበቃ ከሆነ ከሦስቱ አንዱን ከምትተዉ አንድ ክፍል ቀንሱ። ክፍል በሌላ ዓመት ሊቀጠል ይችላል፤ ወለል ሥር ሊቀበር የሚገባው ቧንቧ ግን ወለሉን ሳያስፈርስ በኋላ አይገባም። ከዚህም ሁሉ በላይ ከመቶ ዐሥሩን ለመጠባበቂያ ለዩና፣ የፈለገው ቢመጣ ለጌጥ አትንኩት።

ከመጨረሻው በፊት ስለ አባ ሳሙኤል አንድ ነገር ልጨምር። ያ ለከተማችን ብዙ ዘመን ያበራ ማመንጫ፣ ወንዙ ያመጣው ደለል እየሞላበት ሄዶ በ1960ዎቹ ዓመታት ሥራ አቆመ፤ ዐርባ ዓመት ያህልም ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። በቻይና መንግሥት ርዳታ ታድሶ እንደ ገና የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ግድብ ስንኳ ጠራጊና ጠባቂ ከሌለው እንዲህ የሚዘጋ ከሆነ፣ የእኛ ቧንቧና ሽቦማ ምን ያህል ጥበቃ ይፈልግ! ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ በጀቱ ያበቃ አይምሰላችሁ፤ ሮቶ ይታጠባል፣ ጉድጓድ ይነሣል፣ የላላ ሽቦ ይጠብቃል፣ ያረጀ ይለወጣል።

የቤቴ መብራት በበራ ዕለት ማታ ሽማግሌውን ቡና ጠራኋቸው። ከደጃፉ ቆመው አምፑሉን ለአፍታ አዩና፣ «አሁን ቆመልህ» አሉኝ። እኔም «አዎን አባባ፣ ቆመልኝ» አልኋቸው። የወርቁን ነገር ግን አልነገርኋቸውም፤ ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዲስ መዝገብ ላይ በየወሩ ጥቂት ብር እለያለሁ፤ የረድፉም ርዕስ «የአንገት ወርቅ» ይባላል። እናንተ ግን፣ የተከበራችሁ አንባቢያን፣ መብራቱን፣ ውኃውንና ፍሳሹን ዛሬ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብትጽፉ፣ እንዲህ ያለ ረድፍ በመዝገባችሁ ላይ መክፈት አያስፈልጋችሁም።